ማስተካከያ፦ የፊልም ማሳያ መብራትን ስለ ማቀዝቀዝ

በደብረ ብርሃን ለሚሠሩ የፊልም ማሳያ ባለሙያዎች ባቀረብነው የጥገና ምክር፣ «የከተማው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ መብራቱ እንደጠፋ ማራገቢያውንም ማጥፋት ይቻላል» ብለን የጻፍነው ስሕተት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ቢበርድም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ በመሆኑ፣ ማራገቢያው መብራቱ ከጠፋ በኋላም የአምራቹ መመሪያ እስከሚያዝዘው ደቂቃ ድረስ መሥራት አለበት። ጋቢ ደርቦ ለሚሠራ ሰው ማሽኑም የበረደው ይመስለዋል፤ እኛንም ያሳሳተን ይኸው ነው። የማሳያው መብራት የሆነው የዜኖን አምፖል (ዜኖን በተባለ ጋዝ የተሞላ አምፖል) ከቀዘቀዘም በኋላ ውስጡ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የታመቀበት ስለሆነ፣ ያለ ፊት መከላከያና ያለ ጓንት ሊነካ አይገባም፤ ከባዶ ጣት የሚቀር ወዝም አምፖሉ ሲግል መስታወቱን ያዳክመዋል። በዚያው ጽሑፍ ስለ ድምፅ ማጉያዎች የሰጠነው ምክር አልተለወጠም።