ለጠባብ ክፍል ትንሽ ሰብዉፈር ይገዛል?

የክርክሩ ጉዳይ ይህ ነው። ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.5 ሜትር፣ የጣሪያው ከፍታ 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል አለ። ውስጡ ባለ 5 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከር ክፍል) የሆኑ ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮች ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ቤዝ ጎድሎብኛል ይላል፤ በየጎኑ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚሆን ትንሽ ሰብዉፈር፣ ማለትም ጥልቁን ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ሊገዛም አስቧል። ደጋፊው ይግዛ ባይ ነው። ተቃዋሚዋ ገንዘቡን ለሌላ ያውለው ትላለች።

ደጋፊ፦

ባለ 5 ኢንች ዉፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ንዝረት) ገደማ ጀምሮ ወደ ታች እየደከመ ይሄዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ግን የሚመታው 41 ኸርዝ ላይ ነው፤ ባለ አምስት ክሩ እስከ 31 ይወርዳል፤ የፒያኖ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ 27.5 ነው። ጆሮ ብልህ ስለሆነ ከላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ሰምቶ የጎደለውን ኖታ ራሱ ይሞላዋል፤ ዜማው አይጠፋብንም። የሚጠፋው ክብደቱ ነው። ከበሮው ይሰማል እንጂ ደረት አይነካም።

ጠባብ ክፍል ደግሞ በነፃ የሚሰጠው ነገር አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ40 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ8.5 ሜትር ያልፋል። በ3.5 ሜትር ክፍል ውስጥ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም። ከ49 ኸርዝ በታች የሞገዱ ግማሽ እንኳ ከክፍሉ ርዝመት ስለሚበልጥ የክፍሉ አየር እንዳለ አብሮ ይጨመቃል፣ አብሮ ይላላል፤ ስለዚህ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ክፍሉ ራሱ ቤዙን ያግዘዋል። ዝግ ሳጥን ከአቅሙ በታች ሲወርድ በየኦክታቩ (ኸርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ የአየር ቀዳዳ ያለው ሳጥን ግን 24። ግድግዳው ፍጹም ድፍን ቢሆን ኖሮ የክፍሉ እገዛ ያንን 12 ዴሲቤል በሙሉ ይተካው ነበር። በርና መስኮት ስለሚያሾልኩ ከዚያ ያንሳል፤ ቢያንስም ብዙ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥረው ትንሽ ዝግ ሰብዉፈር እዚህ የሚገባበትን ቦታ ያገኛል።

ሌላም አለ። የድምፁን መጠን ሳይቀንስ አንድ ኦክታቭ ለመውረድ ኮኑ (አየሩን የሚገፋው የዉፈሩ ገጽ) አራት እጥፍ አየር መግፋት አለበት። የዘፋኙን ድምፅ የሚያወጣው ዉፈር ያንኑ ሸክም ይዞ እየተወዛወዘ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለሰብዉፈሩ ብናስረክብለት መካከለኛው ድምፅ ሳይቀር ይጠራል።

ተቃዋሚ፦

ወንድሜ ከ49 ኸርዝ በታች ያለውን በሚገባ ነገረን፤ ከ49 በላይ ያለውን ግን ዘለለው። ጣጣው ያለው እዚያ ነው። በዚህ ክፍል ርዝመት 49 ኸርዝ፣ በወርዱ 57፣ በከፍታው 63.5 ኸርዝ ላይ ድምፅ በግድግዳና በግድግዳ መካከል እየተመላለሰ ቋሚ ሞገድ ይሠራል። ሦስቱም ተቀራርበው የቤዙ እምብርት ላይ ተደርድረዋል። ግድግዳ ጥግ የተቀመጠ ሰው ቤዝ ይከመርበታል፤ መሃል የተቀመጠው ደግሞ ያው ኖታ ይጠፋበታል። በሁለቱ ወንበሮች መካከል የ10 እና የ20 ዴሲቤል ልዩነት መገኘቱ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ለባለቤቱ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ ቤዝ የጎደለህ ስፒከሩ ስለማያወጣ ነው ወይስ ወንበርህ ድምፁ የሚጠፋበት ነጥብ ላይ ስለሆነ? ሁለተኛው ከሆነ ሰብዉፈር መጨመር ዋጋ የለውም። ድምፅ ከራሱ ነፀብራቅ ጋር ተጣፍቶ የሚሰወርበትን ቦታ በኢኳላይዘር (የየኸርዙን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ መቆጣጠሪያ) ሊሞሉት አይቻልም፤ የጨመሩትን ያህል መልሶ ይጠፋል፣ አምፕሊፋየሩ በከንቱ ይሞቃል። ወንበሩን ግማሽ ሜትር መሳብ ግን ምንም አያስከፍልም። ስፒከሩን ወደ ኋላ ግድግዳ ማስጠጋትም እንዲሁ፤ አንድ ግድግዳ በዝቅተኛው ድምፅ ላይ በንድፈ ሐሳብ እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከኋላው ያለው ቀዳዳ ካስጮኸው በስፖንጅ መድፈን ነው። ይህን ሁሉ ሳይሞክሩ ወደ ገበያ መውጣት ምን ይባላል?

አሁን ወደ ሳጥኑ ትንሽነት ልምጣ። ጆሴፍ አንቶን ሆፍማን የሚባል ሰው ነበር፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ኬኤልኤች የተባለውን የስፒከር ኩባንያ ካቋቋሙት ሦስት ሰዎች አንዱ። በስሙ የሚጠራው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ኃይል ብዙ ድምፅ። ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ። ትንሽ ሳጥንና ጥልቅ ቤዝ የመረጠ ሰው ሦስተኛውን በዋት ይከፍላል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኬኢኤፍ ኩባንያ ኬሲ62 ሰብዉፈር ውሰዱ። በየጎኑ 25 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ 6.5 ኢንች የሆኑ ሁለት ዉፈሮቹን ለመግፋት 1000 ዋት አምፕሊፋየር ተገጥሞለታል። የምህንድስናውን ብቃት አልነካም፤ ድንቅ ነው። ግን ገዢው የሚከፍለው ለቤዙ ነው ወይስ ለማነሱ? በዚያው ገንዘብ 12 ኢንች ዉፈር የያዘ፣ ጎኑ ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ዝግ ሳጥን ይገዛል፤ ያንኑ ሥራ ሳያልበው ይሠራዋል።

ደጋፊ፦

እህቴ፣ ያ 40 ሳንቲሜትር ሳጥን የት ይቀመጣል?

ይህን የምጠይቀው ለጨዋታ አይደለም። ቋሚ ሞገድ ቦታ ላይ የተመሠረተ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። እንግዲያው ሰብዉፈሩም የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። በ3 በ3.5 ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በር አለ፤ ትልቁ ሳጥን የሚተርፈው ጥግ ብቻ ነው። ጥግ ደግሞ ሦስቱንም ቋሚ ሞገዶች በሙሉ ኃይል የሚቀሰቅስ ቦታ ነው። ትንሹ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ በግድግዳው እኩሌታ ላይ ይቆማል፣ ከሶፋው ጎን ይሸጎጣል። ቦታውን ለማግኘት ሰብዉፈሩን በወንበሩ ቦታ ማስቀመጥ፣ ቤዙ የሚራመድ ዘፈን መክፈት፣ ከዚያ ጆሮን ወደ ወለል አድርጎ በግድግዳው ዳር መዳህ ነው። ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ነጥብ የሰብዉፈሩ መኖሪያ ይሆናል። (ሲታዩ ያስቃሉ፤ ግን ይሠራል።) ዘዴው የሚጠቅመው የተገኘው ቦታ ላይ ሳጥኑ የሚገባ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለ ዋቱም፣ የሆፍማንን ሕግ ካነሳን ከእሱ በፊት የሆነውንም እናንሳ። ኤድጋር ቪልቸር በ1954 እ.ኤ.አ. ኤአር-1 የተባለውን ስፒከር ሲያወጣ፣ በዝግ ሳጥን ውስጥ የታፈነው አየር ራሱ ለኮኑ እንደ ስፕሪንግ እንዲያገለግል አድርጎ ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ቤዝ እንደሚያወጣ አሳይቷል። ዋጋው ያኔም ዋት ነበር፤ ያኔ ዋት ውድ ነበር። ዛሬ ክላስ ዲ የተባለው ኃይል ቆጣቢ አምፕሊፋየር እጅ በምታህል ሰሌዳ ላይ መቶዎች ዋት ያወጣል፣ ብዙም አይሞቅም። ከሦስቱ የምንሠዋው ነገር ዛሬ በጣም የረከሰው ነው። አንቺ ባነሳሽው ሳጥን ላይ ደግሞ ሁለቱ ዉፈሮች ጀርባ ለጀርባ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፉ የአንዱን ንዝረት ሌላው ያጠፋዋል፤ ሳጥኑ ራሱ አይንቀጠቀጥም።

ተቃዋሚ፦

የቦታውን ነጥብ እቀበላለሁ፤ እውነት አለው። ግን ኮኑ ትንሽ ሆኖ የሚገፋው አየር ከሌለው ጥሩ ቦታ ምን ያደርግለታል?

የኬሲ62 ወረቀት እስከ 11 ኸርዝ ይወርዳል ይላል። ሰው በጆሮው የሚሰማው ከ20 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ነው። 20 ኸርዝን ደግሞ ገና ለመስማት ብቻ ድምፁ ወደ 78 ዴሲቤል መድረስ አለበት፤ በ40 ኸርዝ 51 ይበቃል፤ በ1000 ኸርዝ ከ3 ያነሰ ነው። ስለዚህ «እስከዚህ ኸርዝ ይወርዳል» የሚል ጽሑፍ በስንት ዴሲቤል እንደሆነ ካልተናገረ ምንም አልነገረንም። በእነዚህ ትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ድምፁ ከፍ ሲል ኮኑ እንዳይጎዳ ጥልቁን ቤዝ እየቀነሰ ይሄዳል። በለሆሳስ 20 ኸርዝ የሚያወጣው ሳጥን ቮሉሙ ሲነሳ 40ም ላይ ያቃስታል።

ከዚህ የከፋው መዛባቱ ነው። ኮኑ አቅሙ ሲያልቅ 25 ኸርዝ አውጣ ሲሉት 50 እና 75 ኸርዝንም ጨምሮ ያወጣል። ጆሮ ደግሞ ለ75 ኸርዝ ከ25 ይልቅ እጅግ ንቁ ነው። እንግዲህ የምንሰማው ኖታውን ሳይሆን የኮኑን ጭንቀት ነው። ያ ጭማሪ ድምፅ ሰብዉፈሩ የት እንዳለም ያሳብቃል፤ ቤዙ ከስፒከሮቹ መሃል የሚመጣ መምሰሉ ይቀርና ከጠረጴዛ ሥር ይጠራሃል።

ደጋፊ፦

ይህ ክስ በፊልም ላይ ይሠራል፤ ፍንዳታና የመሬት መንቀጥቀጥ የሚወድ ሰው ትንሹን አይግዛ። ሙዚቃ ሌላ ነው። ትልቁን የቧንቧ ኦርጋን ከተውነው (እሱ እስከ 16 ኸርዝ ይወርዳል) አብዛኛው ሙዚቃ ከ40 ኸርዝ በላይ ይኖራል፣ አልፎ አልፎ ወደ 30 ይወርዳል። ሁለት ሜትር ርቆ፣ በመጠነኛ ድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው ዝግ ባለ 8 ኢንች በቂ ነው። ለ6.5 ኢንቹ ነጠላ አልከራከርለትም፤ እሱን እህቴ ትውሰደው።

ይልቅ ከኮኑ ስፋት ይበልጥ ገዢውን የሚያስቆጩ ነገሮች አሉ። አምፕሊፋየሩ የሰብዉፈር መውጫ አለው? ከሌለው ሰብዉፈሩ ከስፒከር ገመድ ላይ ሲግናል የሚቀበልበት ከፍተኛ መግቢያ ይኑረው። ፌዙ (የሰብዉፈሩ ሞገድ ከስፒከሮቹ ሞገድ ጋር የሚገጥምበት ማስተካከያ) የሚስተካከለው በ0 እና በ180 ዲግሪ ብቻ ነው ወይስ ቀስ እያለ ይዞራል? የቀስ በቀሱ ይሻላል። የተፈለገውን ኸርዝ ነጥሎ የሚያስተካክል ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ካለው 49 ኸርዝ ላይ የተከመረውን ጉብታ ማውረድ ይቻላል፤ ጉድጓድ አይሞላም ያልሽው ልክ ነው፣ ጉብታ ግን ይቆረጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንንሾቹ ስፒከሮች ከ80 በታች እንዳይጫወቱ የሚከለክል ነገር በአምፕሊፋየሩ ወይም በሰብዉፈሩ ላይ መኖሩን ማየት ነው። ያ ከሌለ ሁለቱም በአንድ ኖታ ላይ ይረባረባሉ፤ በመጀመሪያ የነገርኳችሁ የመካከለኛው ድምፅ መጥራትም አይገኝም።

ሲገጠም የ80 ኸርዝ ድምፅ ከፍቶ ፌዙን እያዞሩ በወንበሩ ላይ በጣም ጎልቶ የሚሰማበት ላይ ማቆም ነው። መጠኑ ደግሞ፣ ሰብዉፈሩ መኖሩ ከታወቀ በዝቷል፤ ሲጠፋ ብቻ መጉደሉ የሚታወቅ ይሁን።

አንድ ትንሽ ካልበቃን ሁለት ትንንሾችስ? ቶድ ዌልቲ በሃርማን ኩባንያ ሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጥናት፣ በተቃራኒ ግድግዳዎች እኩሌታ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ሰብዉፈሮች ቤዙን በእጅጉ እንደሚያስተካክሉ አሳይቷል። ሁለት ትልልቅ በዚህ ክፍል አይገቡም፤ ሁለት ትንንሽ ይገባሉ።

ተቃዋሚ፦

የዌልቲ ጥናት የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በብዙ ወንበር የተቀመጡ ሰዎች ተመሳሳይ ቤዝ እንዲሰሙ ምን ይደረግ የሚል ነው። እዚህ ወንበሩ አንድ ነው። ለአንድ ወንበር አንድ ሰብዉፈር፣ ትክክለኛ ቦታና ኢኳላይዘር ይበቃሉ። ሁለት ትንንሽ መግዣ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ደህና ባለ 10 ኢንች መግዣ አለው።

ጎረቤትንም አንርሳ። ቀጭን ድምፅን ግድግዳ ያስቀረዋል፤ ቤዝ ግን ያልፋል። ከሥር የሚደረገው ላስቲክ የሚያግደው በወለሉ የሚሄደውን ንዝረት ነው፤ በአየር የሚሄደውን አይነካም። ሌሊት የሚያዳምጥ ሰው ሰብዉፈሩ ላይ የሚያውለውን ገንዘብ ለጥሩ ኸድፎን ቢያደርገው 20 ኸርዝን ያለ ቋሚ ሞገድ ያገኛል።

ደጋፊ፦

ኸድፎን ደረት አይነካም።

ተቃዋሚ፦

አይነካም፤ ከሳሽም አያመጣም። እንግዲህ አንድ ነገር ይደረግ፤ መለኪያ ማይክራፎን ይገኝ። ነፃ የሆኑ የመለኪያ ፕሮግራሞች አሉ። መጀመሪያ ወንበሩም ስፒከሩም ይንቀሳቀሱ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ይለካ። ስፒከሩ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ወንበሩ ከመሃል ወጥቶ፣ ግራፉ እስከ 45 ኸርዝ ከዘለቀ ገንዘቡ በኪስ ይቆይ። ከ60 በታች ገደል ከሆነ ይግዛ፤ ባለ 10 ኢንች፣ ዝግ።

ደጋፊ፦

በመለኪያው ተስማምቻለሁ። ባለ 10 ኢንቹን ግን ከመግዛቱ በፊት በልኩ ካርቶን ቆርጦ፣ በዳህንበት ነጥብ ላይ ያስቀምጠውና በሩ መከፈቱን ይይ። ካልተከፈተ ባለ 8 ነው።