አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሞተው?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት 10ኛ ክፍል እያለች የታሪክ መምህሯ ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርጎ መደበና «ከተማራችሁት አንድ ታሪክ በሙዚቃ አቅርቡ» አላቸው። ለእነሱ ቡድን የመቅደላ ጦርነት ደረሰ።

የመጀመሪያው ሐሳባቸው ሁላችንም የምናውቀው ነበር፦ ከስልክ ላይ ዘፈን መክፈት፣ የሀገር ልብስ መከራየት፣ ከካርቶን ጎራዴ መቁረጥ፣ ፎክሮ መውረድ። ይህን ዝግጅት በየዓመቱ የካቲት 23 በየትምህርት ቤቱ ግቢ እናየዋለን። ልጆቹ ያምራሉ፤ ወላጅም ፎቶ ያነሳል። ከመድረክ የወረደውን ትንሽ ፎካሪ ግን «ያ ሁሉ ሠራዊት ዓድዋ ድረስ ሲጓዝ ምን ይበላ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁት ዓይን ዓይናችሁን ያያችኋል።

ታሪክን በሙዚቃ ማስተማር የሚለውን ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የምጣላው ዘፈንን እንደ ስኳር ከሚያዩት ጋር ነው፤ ትምህርቱ ስለመረረ በዜማ እናጣፍጠው ከሚሉት ጋር። የድሮ ግጥም ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ይጠየቃል፤ አንዳንዴም ሲዋሽ ይያዛል።

ልጆቹን ከካርቶኑ ጎራዴ ያዳነቻቸው እናቴ ናት። ወሎ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ቡና እየቆላች ጨዋታቸውን ስትሰማ ቆየችና ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አንስታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በለቅሶ ዜማ እንዲህ አለች፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ልጅቷ በደብተሯ ጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለችና «እማማ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሞተው?» ብላ ጠየቀች።

በእኔ እምነት የታሪክ ትምህርቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በቁጥር ከሄድን ግጥሙ ሐሰት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከመቅደላ ግርጌ አሮጌ በተባለው ሜዳ የቴዎድሮስ ጦር ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ሲገጥም ሮኬትና አዲስ ጠመንጃ ጠበቀው። ከኢትዮጵያውያኑ ወገን የሞቱት 700 ያህል እንደነበሩ ተጽፏል፤ ከእንግሊዞቹ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ንጉሡ በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠችው ሽጉጥ ራሱን አጠፋ። ታዲያ አልቃሹ 700ውን አላየም? አይቷል። እሱ የሚነግረን ሬሳ ቆጥሮ ያገኘውን አይደለም፤ ወንድ ብሎ የሚጠራው ማንን እንደሆነ ነው። በቁጥርና በፍርድ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ተማሪ በሁለት ስንኝ ካልጨበጠው በሃያ ገጽም አይጨብጠውም።

«የሴቱን አናውቅም» የሚለውም እንዲሁ በዝምታ አይታለፍም። እኛ እኮ የሴቲቱን እናውቃለን። የቴዎድሮስ ሚስት እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላቸው መንገድ ላይ አርፈው ትግራይ፣ ጨለቆት ተቀበሩ። የሰባት ዓመት ልጃቸው አለማየሁ ባሕር ተሻግሮ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዛሬም ዊንድሶር እንደተቀበረ ነው። ግጥሙ በሁለት ቃል ዘሎት የሄደው ይህን ሁሉ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ያለቀሰው ማነው? ቴዎድሮስ ወሎን በዘመቻ ያመሰ፣ በምርኮኞች ላይም የጨከነ ንጉሥ ነው። ታዲያ የወሎዋ እናቴ ይህን ሙሾ ከማን ተቀበለችው? በየዘፈኑ ከኋላው የቆመ ሰው፣ የተከፈለ ብር፣ የተፈራ ጌታ አለ። አዝማሪ ደህና አድርጎ ለሸለመው ምን እንደሚል፣ ላልሸለመው ደግሞ በሰምና ወርቅ ምን እንደሚወረውር የማያውቅ አንባቢ የለም። ጅማ ወይም ነቀምት ያለ ተማሪ የኦሮሞውን የጀግንነት ዜማ ጌራርሳን ይዞ ቢመጣ ጥያቄው ያው ነው፦ ማን አለው? ለማን? ማን ሲሰማው?

የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መጽሐፋችን በእንግሊዝኛ መሆኑም አይረሳ። ልጆቹ ስለ መቅደላ የሚሸመድዱት በናፒየር ቋንቋ ነው። መቅደላ ላይ የቆሙት ሰዎች ግን በእንግሊዝኛ አላለቀሱም።

ባህላዊ ግጥም አላገኘሁም የሚል መምህር ካለ ሦስቱን ብሔራዊ መዝሙሮች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋቸው። በንጉሡ ዘመን የነበረው መግቢያው ላይ «በንጉሥሽ» ይላል። በደርግ ዘመን ያ ቃል የለም፤ «በኅብረተሰብአዊነት» ገብቷል። ዛሬ የምንዘምረው ደግሞ «ለሕዝቦች ነፃነት» ይላል፤ ሕዝብ ሳይሆን ሕዝቦች። ሦስት መንግሥታት በሦስት ቃል ማለት ነው። የመጀመሪያውን መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመናዊ መሆኑን፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የጥሩንባ ሙዚቃ ያሠለጠነውም እሱ መሆኑን የሰማ ተማሪ፣ እነዚያ ልጆች ምን ደርሶባቸው ኢየሩሳሌም እንደተገኙ ሳይጠይቅ አይቀርም። ከአንድ የጥሩንባ ድምፅ ተነስቶ አርመናውያን በቱርክ ምድር እስካለቁበት ዘመን ይደርሳል።

ጊዜ የለንም የሚሉ መምህራን እውነታቸውን ነው፤ መጽሐፉ ወፍራም፣ ክፍሉ ጢም ያለ ነው። ግን ልብስ ለመከራየትና ልምምድ ለማድረግ ሦስት ሳምንት የተገኘ እንደሆነ ለሁለት ስንኝ አንድ ክፍለ ጊዜ አይጠፋም። የሚያናድደኝ ምዘናው ነው። በእነዚያ ልጆች የውጤት ወረቀት ላይ ለድምፅ፣ ለአልባሳትና ለመድረክ አያያዝ ነጥብ ተመድቧል። ለጥያቄ የተመደበ የለም። እናም ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ አንድ ክራር ብቻ ይዘው የወጡት የእህቴ ልጅና ጓደኞቿ ለአልባሳት ዜሮ ተሰጣቸው።

ያቀረቡት የእናቴን ሙሾና ራሳቸው በዚያው የወል ቤት የገጠሙትን መልስ ነበር፦

ያ ሁሉ ወታደር አሮጌ ላይ ወድቆ፣
አንድ ሰው ሞተ አሉ ቆጣሪው ምን አውቆ።

ቤት መጥታ ለእናቴ ስታሰማት አልተወደደላትም። «መቁጠርስ ተምራችኋል፤ ወንድነት ግን በቁጥር አይደለም» አለቻት።

«እንግዲያው እነዚያ 700ዎቹ ምን ሊባሉ ነው?» አለች ልጅቷ።

እናቴ ጀበናውን አዘንበላ አየችው። «ተቀመጪ እስቲ፣ ቶናው ደርሷል» አለቻት።