ለክቡር ርካሹ የከሰል ጆንያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ግድግዳ ተደግፈው ለቆሙት ክቡር የከሰል ጆንያ
ጉዳዩ፦ ላልነደደው እሳት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ዓይኔ ከመቅላቱ፣ ጸጉሬ ጭስ ጭስ ከማለቱና ጓደኞቼ «በቃ ሌላ ጊዜ እኛ እንጋብዝህ» ከማለታቸው በቀር ደህና ነኝ።

የመረጥኩዎትን ቀን አልረሳውም። አጠገብዎ ሌላ ጆንያ ቆሞ ነበር። አነስ ያለ፣ በኪሎ ሲሰላ ዋጋው የእርስዎ አንድ ተኩል የሚሆን። እርስዎ ግን ግዙፍ ነዎት፤ ርካሽም ነዎት። ዋጋውን ለኪሎው አካፍዬ ራሴን እንደ ኢኮኖሚስት ቆጠርኩት። አፍዎን ከፈት አድርጌ ሳይ ደግሞ ከላይ የተደረደሩት ጉማጆች ክንድ ያህላሉ። «ይሄማ ከሰል አይደለም፣ ዛፍ ነው!» አልኩ። ለካ እውነቴን ኖሯል።

ቤት ገብቼ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ጉማጅ የሚባለው ከላይ ብቻ ነው። ከሥሩ ድቃቂ አለ። ከድቃቂው ሥር ብናኝ። ከብናኙ ሥር ጡጫ የሚያህል ድንጋይ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ሰምቻለሁ። ጆንያ በድንጋይ እንደሚደገፍ ግን ከእርስዎ ተማርኩ። ድንጋዩን አጥቤ በር እንዲይዝልኝ አድርጌዋለሁ። ከእርስዎ ውስጥ እስካሁን ሥራውን በአግባቡ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

እንግዶች መጡ። ሥጋው ተዘጋጅቷል። ክብሪት ጫርኩ።

ጭስ። ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ ሰውን እየመረጠ የሚከተል ጭስ። ወንበሬን ወደ ግራ ሳዞር ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስሸሽ ወደ ቀኝ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ ሆነ። አንዱን ጉማጅ አውጥቼ ሰበርኩት። ውጪው ጥቁር፣ ውስጡ ቡናማ። ቅርፊቱ እንኳ እንዳለ ነው።

ከሰል ማለት እኮ ጭሱን ጨርሶ የመጣ እንጨት ነው። አየር እንዳያገኝ ታፍኖ ከ400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል። ውሃው ይወጣለታል፤ የሚያጨሰው ጋዝና ዝፍቱም ይወጣለታል። የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው። ሰው ከሰል የሚገዛው ጭሱን ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ዓይን ላይ እንዲጨርስለት ነው። እርስዎ ግን ሥልጠናውን በግማሽ አቋርጠው የምስክር ወረቀት ይዘው መጡ።

ይቅርታ፣ ከዚህ በኋላ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል። አንቱታው ከጭሱ ጋር ሄዷል።

ከዚያ መንጣጣት ጀመርክ። ጧ! አንዱ ፍንጣሪ ሸሚዜ ላይ አረፈ፤ ቀዳዳው ዛሬም አለ። እርጥብ ነበርክ። ከሰል ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል። ያኔ ስሸከምህ ወገቤን ያጎበጥከው ለካ ውሃ ይዘህ ነው! ውሃ በከሰል ዋጋ ገዛሁ። እሳቱም መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን ነበረበት። እኔ ሥጋ ልጠብስ፣ አንተ ውሃ ልታፈላ።

ብናኝህ ደግሞ ክፍተቱን ሁሉ ደፍኖ አየር አሳጣው። ስለዚህ በካርቶን ክዳን አራገብኩ። አመዱ ተነሥቶ ሥጋው ላይ ተነሰነሰ። እንግዶቼ ቅመም መስሏቸው ዝም አሉ። ጨዋዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ቸኩዬ ማቀጣጠያ ፈሳሽ አርከፈከፍኩብህ። ፈሳሹ ተቃጥሎ እስኪያልቅ፣ ፍሙም ነጭ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። የመጀመሪያውን ቁራጭ የቀመሰው ጓደኛዬ ጥቂት አላመጠና «ስንት ሊትር ቀዳህ?» አለኝ። ከታች ወረቀት ተደርጎበት ከሰል የሚሞላ፣ ጭስ መውጫ የመሰለ የቆርቆሮ ማቀጣጠያ አለ። ደህና ከሰል በእሱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ደህና ከሰል አልኩ።

ዝናብ ሲያስፈራራ ደግሞ አንዱ «ቤት እናስገባው» አለ። ይቺን ብቻ ያለ ቀልድ ልናገር፦ የሚነድ ከሰል ቤት አይገባም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ውጪ ተቀምጠን ረጠብን።

በማግስቱ የተረፈህን አምስት ኪሎ በወንፊት ነፋሁህ። አንድ ኪሎ ተኩል ብናኝ። አንድ ኪሎ ያልከሰለ እንጨት። ከሰል ተብሎ የሚጠራው ሁለት ኪሎ ተኩል። ድንጋዩን አልቆጠርኩም፤ እሱ አሁን ተቀጣሪ ነው። ይኸው ሒሳቡ፦ ግማሽህ ብቻ ከሰል ከሆነ እውነተኛ ዋጋህ እጥፍ ነው። ያ «ውድ» ጎረቤትህ ደግሞ አንድ ተኩል ነበር። አሁን ማን ነው ርካሹ? ኢኮኖሚስቱ በሐፍረት ሥልጣኑን ለቋል።

አውሮፓ ውስጥ ለባርቤኪው ከሰል የወጣ ኢኤን 1860-2 የሚባል መለኪያ አለ። ካርቦን ቢያንስ 75 በመቶ፣ አመድ ቢበዛ 8 በመቶ፣ እርጥበትም ቢበዛ 8 በመቶ ይላል። አንተን ለዚህ ፈተና አላቀርብህም። በአደባባይ እንድትዋረድ አልፈልግም፤ ይህ ደብዳቤ ይበቃሃል።

የአጎትህን ልጅ ብሪኬትን ግን ተመልከት። እሱም ብናኝ ነው፤ ከስታርች ጋር ተለውሶ የተጨመቀ። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከመኪና ሥራ የተረፈውን እንጨት አክስሎ ብሪኬት እያደረገ ይሸጥ ነበር። አመዱ በዛ ይላል፣ ቶሎ አይግልም። ግን እኩል እኩል ይነዳል፣ ረጅም ሰዓትም ይቆያል። ቀስ ብሎ ለሚበስል ሥጋ እሱን እመርጣለሁ። ለፈጣንና ለብርቱ እሳት ደግሞ እውነተኛ ጉማጅ። ብሪኬት ብናኝነቱን አልደበቀም፤ አንተ ነህ ጉማጅ ተከናንበህ የመጣኸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ግዢ ወንድሞችህን እንዲህ እቀበላቸዋለሁ። መጀመሪያ ከታች በኩል እዳብሳቸዋለሁ። አሸዋ አሸዋ ካለኝ ደህና ዋሉ። ቀጥሎ ሁለት ጉማጅ አጋጫለሁ። ሸክላ ሲጋጭ የሚሰማው ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ ካለ እሰየው፤ ዱብ ካለ ወይ ጥሬ ነው ወይ እርጥብ። አንዱን እሰብራለሁ። ስብራቱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ መሆን አለበት። ከምን እንጨት እንደተሠራም እጠይቃለሁ። የጠንካራ እንጨት ከሰል ጠጠር ያለ ስለሆነ ይቆያል፤ የቀላል እንጨት ግን ቦግ ብሎ ያልቃል። ሻጩ ቢገላምጠኝ ግድ የለኝም። ከአንተ ጭስ አይብስም።

ሞቅ ያለ ሰላምታ ባቀርብልህ ደስ ባለኝ። ግን ሙቀቱን ከየት ላምጣው?

የቀድሞ ደንበኛህ

ግልባጭ፦
ለጎረቤትህ ጆንያ፣ ከይቅርታ ጋር
በር ላይ ለሚገኘው ድንጋይ፣ የሙከራ ጊዜውን ስላጠናቀቀ