21ዱ መስመር የናፖሊዮን ድል አይደለም
እህቴ፣ ነጩ ሱሪ ከባለመስመሩ የባሕረኛ ካናቴራ ጋር በጣም ሄዶልሻል። ግን «21ዱ መስመር የናፖሊዮን 21 ድሎች ነው» ያልሽው ልክ አይደለም፣ ወሬው ስለሚደጋገም ብቻ ነው ብዙ ሰው የሚያምነው። ካናቴራው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ደንብ ልብስ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው፤ ቀዳማዊ ናፖሊዮን እኮ ያኔ ከሞተ 37 ዓመት አልፎታል፣ ዙፋኑ ላይ የነበረው የወንድሙ ልጅ ሣልሳዊ ናፖሊዮን ነው። ደንቡ የሚያወራው ስለ ልክ ነው፦ 21 ነጭ መስመር፣ እያንዳንዱ 20 ሚሊሜትር፤ ሰማያዊዎቹ 20 ወይም 21፣ ስፋታቸው የነጩ ግማሽ። በቃ። ደግሞ የሚለብሱት ተራ ባሕረኞች እንጂ መኮንኖች አልነበሩም፣ ያውም ከውስጥ። የድል መታሰቢያ ቢሆን ኖሮ መኮንኖቹ ቀድመው ከላይ ይለብሱት ነበር።