ማቀዝቀዣውማ ሠርቷል
«ሪአክሽን ኢንጂንስ (ከመሬት ተነስቶ ጠፈር ለሚደርስ አውሮፕላን ሞተር ይሠራ የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ) የከሰረው ቴክኖሎጂው ስላልሠራ ነው» የሚለው ነገር አልተዋጠልኝም። ትልቁ ፈተና በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ሞተሩ የሚገባውን የጋለ አየር የሚያበርደው ማቀዝቀዣ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሠርቷል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2019 ኮሎራዶ ላይ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሞቀ አየር ለቀውበት ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ባነሰ ጊዜ አቀዝቅዞታል፣ ያውም ግድግዳቸው ከፀጉር በቀጠነ በሺዎች በሚቆጠሩ ቱቦዎች። ያልተሠራው ሙሉው ሞተር ነው። «መንግሥት ስላልረዳቸው ነው» ለሚሉትም፣ የእንግሊዝ መንግሥት በ2013 60 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦላቸው ነበር፤ እንደ ቢኤኢ፣ ሮልስ ሮይስና ቦይንግ ያሉ ትልልቅ የአውሮፕላንና የሞተር ኩባንያዎችም ገንዘብ አስገብተዋል። ግን ሞተሩም አውሮፕላኑም ገና ከዜሮ የሚሠሩ ነበሩ፣ ወጪውም በቢሊዮን የሚቆጠር ነበር። የአሜሪካው የሮኬት ኩባንያ ስፔስኤክስ የተኮሰውን ሮኬት መልሶ እያሳረፈ እንደገና በሚጠቀምበት ሰዓት ያን ሁሉ ብር ይዞ ማን ይጠብቃቸዋል? በ2024 መጨረሻ ካዝናው ሲደርቅ አዲስ ገንዘብ የሚያስገባ ጠፋ፣ ሠራተኛውም ተበተነ።