አዲሱ መሪ ምርጫ ከመጥራቱ በፊት ምክር ቤቱን ይግጠም

በፓርላማ ሥርዓት በሚተዳደሩ አገሮች ገዥው ፓርቲ መሪውን በለወጠ ቁጥር፣ ሕዝቡ ያልመረጠው ጠቅላይ ሚኒስትር እስከ መቼ ይገዛል የሚል ጥያቄ ይነሣል። በሕጉ ረገድ መልሱ አያከራክርም። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው ለምክር ቤት አባላት ስለሆነ፣ አዲሱ ሰው የምክር ቤቱን አመኔታ እስካገኘ ድረስ የሥራ ዘመኑን መጨረስ ይችላል። በተግባር ግን የምርጫውን ቀን የሚቆርጠው አዲሱ መሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች የሚያገኘው ውጤት ነው።

የካናዳን ጉዳይ በቅርብ እንመልከተው። ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 እንደሚለቁ ሲያስታውቁ፣ ሊበራል ፓርቲያቸው በጥናቶች ከወግ አጥባቂዎቹ በ20 ነጥብ ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎችም ምክር ቤቱ እንደተሰበሰበ መንግሥቱን በመተማመኛ ድምፅ እንደሚጥሉ ዝተው ነበር። ትሩዶ በዚያው ቀን የንጉሡን እንደራሴ (ካናዳ ከብሪታንያ ጋር የምትጋራውን ንጉሥ የሚወክለውን ባለሥልጣን) ጠይቀው ምክር ቤቱ እስከ ማርች 24 እንዲዘጋ አስደረጉ። ማርክ ካርኒ ማርች 9 በፓርቲው ምርጫ አሸነፉ፣ ማርች 14 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፣ ማርች 23 ምርጫ ጠሩ። ምክር ቤቱ ሊከፈት የቀረው አንድ ሌሊት ነበር። በመሀሉ የዶናልድ ትራምፕ የታሪፍ ዛቻና ካናዳን 51ኛዋ ግዛት የማድረግ ንግግር የሕዝቡን ስሜት ገልብጦት ስለነበር፣ ሊበራሎቹ ኤፕሪል 28 ከ343 መቀመጫዎች 169ኙን ይዘው በሥልጣን ቆዩ።

የካናዳ ሕግ ምርጫው በኦክቶበር 2025 እንዲሆን አስቀድሞ ቀን ቆርጦ ነበር። ያው ሕግ ግን የእንደራሴውን ምክር ቤት የመበተን ሥልጣን እንደማይነካ ስለሚናገር፣ ቀኑ የመጨረሻ ገደብ ከመሆን አላለፈም። ካርኒ አንድም ሕግ አላፈረሱም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው በፓርቲ አባላት ድምፅ ብቻ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፣ ለተመራጮች አንድም ጥያቄ ሳይመልስ፣ የራሱ የምክር ቤት ወንበር እንኳ ሳይኖረው፣ ያንኑ ምክር ቤት ማስበተን መቻሉ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሌላው የሊበራል ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ተርነርም እ.ኤ.አ. በ1984 ቃለ መሐላ በፈጸሙ በዘጠነኛው ቀን፣ እንዲሁ ወንበር ሳይኖራቸው፣ ምርጫ ጠርተው ነበር። የተማመኑት በጊዜው ለፓርቲያቸው በተመለሰለት ድጋፍ ነበር፤ ሊበራሎቹ ከ282 መቀመጫዎች 40 ብቻ ይዘው ወጡ። ካርኒን ያዳነው ጥድፊያ ተርነርን ዋጋ አስከፍሏል።

ብሪታንያ ደግሞ የመዘግየቱን ዋጋ ታሳያለች። የሌበር ፓርቲው ጎርደን ብራውን በጁን 2007 ቶኒ ብሌርን ሲተኩ ፓርቲያቸው በጥናቶች ከተቃዋሚዎቹ ቀድሞ ነበር፤ ረዳቶቻቸውም በዚያው ዓመት የመጨረሻ ወራት ምርጫ ይጠራል የሚል ወሬ ሲናፈስ ዝም አሉ። በወግ አጥባቂዎቹ ጉባኤ ላይ የፓርቲው የገንዘብ ጉዳይ ቃል አቀባይ ጆርጅ ኦስቦርን የውርስ ግብር መነሻውን ወደ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ከፍ እናደርጋለን ባሉ በቀናት ውስጥ ልዩነቱ ጠበበ። ብራውን ኦክቶበር 6 ምርጫ እንደማይኖር አስታወቁ፤ ምክንያቱ የጥናቶቹ ውጤት አይደለም ማለታቸውን ግን ያመናቸው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሜይ 2010 ቆይተው ተሸነፉ። ወግ አጥባቂው ሪሺ ሱናክም በኦክቶበር 2022 ሥልጣን ይዘው ሃያ ወር ገደማ ጠብቀው ፓርቲያቸውን ወደ 121 መቀመጫ አወረዱት። አንዱ ቸኮለ፣ ሌላው ዘገየ የሚለው ወቀሳ ሥሩ አንድ ነው፤ ቀኑ የአንድ ሰው ንብረት መሆኑ።

ቀኑን በሕግ መቆለፍ መፍትሔ ይመስላል፤ ብሪታንያ ግን ሞክራው አልያዘላትም። እ.ኤ.አ. የ2011ዱ ሕግ ከጊዜው በፊት ለሚደረግ ምርጫ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቅ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ በ2017 ምርጫ ሲጠይቁ ምክር ቤቱ 522 ለ13 ፈቀደላቸው፤ በሕዝብ ፊት ምርጫ እንፈራለን ለማለት የደፈረ ተቃዋሚ በጊዜው ጥቂት ነበርና። ሜይ በዚያ ምርጫ የነበራቸውን አብላጫ አጡ፤ ሕጉም በ2022 ተሻረ።

ስለዚህ የምደግፈው ጠበብ ያለ ግዴታ ነው። በምርጫ ሳይሆን በፓርቲ ውሳኔ ሥልጣን የያዘ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ምክር ቤቱ እንዲበተን ከመጠየቁ በፊት በዚያው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የመተማመኛ ድምፅ ይጠይቅ። ቢያገኝ ይሥራ፤ ቢያጣ ምርጫው በጥናት ስሌት ሳይሆን በምክር ቤቱ ውሳኔ ይመጣል። አገር በቀውስ ውስጥ ሳለች ይህ ጊዜ ያባክናል የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ካናዳ ግን በዚያ ቀውስ መካከል ምክር ቤቷን ከሁለት ወር በላይ ዘግታ ነበር።

የእኛ ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ በጽሑፍ ደረጃ ይሻላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ አንቀጽ 60ም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱን ሊያስበትን የሚችለው በራሱ በምክር ቤቱ ፈቃድ እንደሆነ፣ አዲስ ምርጫም በስድስት ወር ውስጥ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። በ2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሲለቁ ግን 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ስለነበሩ፣ ፈቃድ ጠያቂውና ፈቃድ ሰጪው አንድ ወገን በሆነበት ምክር ቤት አንቀጹ ሚዛን ሊሆን አይችልም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ምርጫውን ሲያስተጓጉልም ምክር ቤቱን መበተን ከቀረቡት አራት አማራጮች አንዱ ነበር፤ የተመረጠው ግን የሕገ መንግሥት ትርጉም ሆነ። የአንቀጹ ጥንካሬ የሚለካው እምቢ ለማለት የሚበቃ ቁጥር ያላቸው ተቃዋሚዎች በምክር ቤቱ ሲቀመጡ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በዚያ ሁኔታ አልተፈተነም።