ላልሰረቀ ሰው የሚከፈል ሽልማት

ሰሞኑን አንድ አገልግሎት ሰጪ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከባለጉዳይ የቀረበላቸውን ጉቦ ሳይቀበሉ ለአለቆቻቸው ያሳወቁ ሠራተኞችን በየሩብ ዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ እንደሚሸልም ይፋ አድርጓል። መግለጫውን የሰጡት ኃላፊ፣ ላልሰረቀ ሰው ሽልማት ለምን እንዳስፈለገ ከጋዜጠኞች አንዱ ሲጠይቃቸው ፈገግ ብለው "ሰው ያለ ጥቅም የሚሠራው ነገር የለም፤ ሥነ ምግባርም ማዋጣት አለበት" ሲሉ መለሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ጭብጨባው ነው።

"ሰው ያለ ጥቅም የሚሠራው ነገር የለም" የሚለው አባባል የማይረታ የሚመስለው ምንም ስለማይል ነው። የታመመ ልጇን ታቅፋ ሌሊቱን ሙሉ ስለተቀመጠች እናት ብትነግሯቸው "የእናትነት እርካታ ታገኛለች" ይላሉ፤ ዝናብ እየወረደበት የለቅሶ ድንኳን ስለሚተክል የዕድር አባል ብትነግሯቸው "ነገ ለእሱም ይተከልለታል" ይላሉ። ሌባውም ሌባውን አሳዳጁም ለጥቅማቸው ነው የሚሮጡት ከተባለ፣ "ጥቅም" የሚለው ቃል አንዱን ከሌላው መለየት ተስኖታል ማለት ነው፤ መለየት ባልቻለ ቃል ላይ ደግሞ የመንግሥት ፖሊሲ አይቆምም።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከየትኛውም የሥልጠና ሰነድ የላቀ አንድ ቃል አለው፤ አደራ። አደራ አይፈረምበትም፣ ምስክር አይቆምለትም፣ ዋጋም አይቆረጥለትም። ልጅ ሳለሁ በግቢያችን ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ ወጣት ለሁለት ወር ወደ አገር ቤት ሲሄድ የክፍሉን ቁልፍ ለጎረቤታችን፣ ለአንዲት አሮጊት እናት፣ አደራ ሰጥቶ ሄደ። እሳቸውም ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ነጠላው ሲታጠብ ወደ መቀነታቸው እያዛወሩ፣ ሁለቱን ወር ይዘውት ከረሙ። ወጣቱ ሲመለስ አንድ ኪሎ ቡና አመጣላቸው፤ ተቀብለው መረቁት። ነገሩ የተበላሸው በቡናው ላይ አሥር ብር ደርቦ "ይህ ደግሞ ለጥበቃው" ሲል ነው። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ብሩን መልሰው ካስጨበጡት በኋላ "ላልሰረቅኩህ ልትከፍለኝ ነው እንዴ፣ ልጄ?" አሉት። ቡናውን ግን አልመለሱም። ፊደል ያልቆጠሩት እኒያ እናት፣ ኃላፊው ከነአማካሪዎቻቸው የሳቱትን ልዩነት ወዲያው አይተውታል፤ ቡናው ምስጋና ሲሆን፣ አሥሩ ብር ግን "ባልከፍልዎ ኖሮ ይሰርቁኝ ነበር" የሚል ስድብ ነበር።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ሥራው ስለ ግዴታ ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው አንድ ባለሱቅ ነው። ይህ ባለሱቅ ገበያ የማያውቀውን ሰው አያታልልም፤ የተላከው ሕፃን ልጅ ቢሆን እንኳ እንደ አዋቂው በእኩል ዋጋ ይገዛል። ነገር ግን እንዲህ የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ፣ ድርጊቱ ከግዴታ ጋር ገጠመ እንጂ ከግዴታ አልመነጨም ይላል ካንት። ልዩነቱ የፈላስፎች ቅንጦት የሚመስለው ቀኑ እስከተመቸ ድረስ ብቻ ነው። ዘይት ከገበያ በጠፋበትና ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ሱቅ በሌለበት ሳምንት ደንበኛ የሚሸሽበት የለውም፤ ያን ጊዜ የባለሱቁን ሚዛን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ምንድን ነው? "ያዋጣል" ብለን ያስተማርነው ሰው፣ ባላዋጣው ቀን ሚዛኑን ቢያዛባ የእኛው ጎበዝ ተማሪ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ያደረገው እንግዲህ አደራን ወደ ዋጋ መለወጥ ነው፤ ዋጋ የተቆረጠለት ነገር ደግሞ ከሌላ ዋጋ ጋር መወዳደሩ አይቀርም። እስከ ትናንት ፖስታ የተዘረጋለት ሠራተኛ ራሱን የሚጠይቀው "ይህ ይገባል ወይ?" ብሎ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ የሚጠይቀው "የቱ ይበልጣል?" ብሎ ነው። የአንድ ወር የመንግሥት ደመወዝ ከአንድ የይዞታ ካርታ "ጉዳይ ማስፈጸሚያ" ጋር ቢወዳደር የትኛው እንደሚያሸንፍ ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ክፉ ተረታችን የሚናገረው በዚሁ በትርፍና በኪሳራ ቋንቋ ነው፤ ኃላፊው ተረቱን የሚዋጉ መስሏቸው ቋንቋውን ተውሰውታል።

ይህ የእኔ ስጋት ብቻ አይደለም። ኡሪ ግኒዚ እና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት በእስራኤል፣ በሐይፋ ከተማ የሚገኙ 10 የሕፃናት መዋያዎችን የተከታተለ ነው። ከእነዚህ በስድስቱ ልጃቸውን ለመውሰድ ከ10 ደቂቃ በላይ በሚዘገዩ ወላጆች ላይ የ10 ሰቅል ቅጣት ተጣለ። የሚዘገዩት ይቀንሳሉ ሲባል ቁጥራቸው በእጥፍ ገደማ ጨመረ፤ ምክንያቱም ሞግዚቷን ማስጠበቅ ያሳፍራቸው የነበሩት ወላጆች አሁን ሰዓቷን በሰቅል ይገዙት ጀመር። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም ቁጥሩ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። "ያ ቅጣት፣ ይህ ሽልማት" የሚለኝ ካለ፣ ሁለቱም ይሉኝታ በነበረበት ቦታ ታሪፍ የለጠፉ ናቸው እለዋለሁ።

ነገሩን ያነበቡ ሰዎች እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚልን ሊጠቅሱብኝ ይችላሉ። ሚል የሚሰምጥን ሰው ያዳነ ሰው፣ በግዴታ ስሜትም ያድርገው ክፍያን ተስፋ አድርጎ፣ ሥራው ትክክል ነው ብሏልና። የሰመጠው ሰው የአዳኙን ልብ የመመርመር ቅንጦት እንደሌለው እኔም አልክድም። ነገር ግን ሚል ራሱ የድርጊቱ ምክንያት ስለ አድራጊው ሰው ማንነት ብዙ እንደሚናገር አልሸሸገም፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ የሚቀጥረው ሰውን ነው እንጂ አንድን ድርጊት አይደለም። ወንዝ ዳር የተገኘ አዳኝ አንድ ቀን ያድናል፤ መስኮት ውስጥ የተቀመጠ ሠራተኛ ግን ማንም በማያየው ሁኔታ በየቀኑ፣ በየባለጉዳዩ ይፈተናል።

ደመወዝ አይበቃም የሚለው አቤቱታ እውነት ነው። ሆኖም ደመወዝ መጨመር ያለበት የሰው ላብ ዋጋ ስለሆነ ነው፤ የሐቀኝነት መግዣ አድርጎ ማቅረብ ግን ችግረኛው ሁሉ ሌባ ነው ከማለት አይተናነስም። ጉቦ መቀበል በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ወንጀል መሆኑ ተደንግጓል። ወንጀል ላልሠራ ሰው መሸለም ከተጀመረ፣ ሰው ላልገደለውስ መቼ ነው የሚታደልለት? የአለቃውን ሌብነት አጋልጦ የተባረረውን ሠራተኛ መርዳት የሚፈልግ ካለ ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው፤ እሱን ማስፈጸም ኬክ ስለማያስቆርስ ይመስላል ማንም የማያነሣው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሽልማቱ የሚሰጠው ጉቦ ቀርቦለት ላሳወቀ ሠራተኛ መሆኑ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ለአንድ ማስረጃ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች እንደተለመደው በመስታወት ተደርገው ተሰቅለዋል፤ "ታማኝነት" የሚለውን የባንክ ካላንደር ሸፍኖታል። መስኮት ቁጥር 4 ያሉት ጎልማሳ ሴት፣ ሌላው መስኮት ለሦስት ሳምንት "ጠፍቷል" ሲለኝ የከረመውን ፋይል በሩብ ሰዓት ውስጥ አቧራውን አራግፈው አወጡልኝ። በእሳቸው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሽልማት ቢጀመር ይመዘገቡ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ማኅተሙን እየመቱ፣ ቀና ሳይሉ "ማን ደፍሮ ሰጥቶኝ ነው የምመዘገበው?" አሉኝ።